የሰዲቅ ቤት ግድግዳ እስኪደርቅ

መድና ሰዲቅ ሻይ የምትጠጣው ቆማ ነው። አምቦ ገበያ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ ትሸጣለች፤ ሳፋ፣ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ የሕፃን ፖፖ። ሱቋ ውስጥ አንድ በርጩማ አለ፤ በርጩማው ግን ለደንበኛ ነው። እሷ በአንድ እጇ ብርጭቆዋን ይዛ፣ በሌላው የተደራረበውን ሳፋ እያቃናች፣ ዓይኗን መንገዱ ላይ ጥላ ከበር እስከ ጓዳ ትመላለሳለች። ጎረቤቶቿ «መድና የተቀመጠች ዕለት ገበያው ተዘግቷል ማለት ነው» ይላሉ። እንግዲህ በ2011 ዓ.ም. ክረምት የጭቃ ግድግዳ እስኪደርቅ እንድትጠብቅ የተፈረደባት ይህችው ሴት ናት።

ጉዳዩ የቤት ጉዳይ ስለሆነ ከቤቱ እንነሣ። አባቷ ሰዲቅ በወጣትነቱ ከስልጤ መጥቶ፣ በጨርቅ ንግድ አምቦ የከተመ ሰው ነበር። ከገበያው ብዙ ሳይርቅ የሠራው ቤት ከፊት አንድ ሰፊ ክፍል፣ በጓሮ በኩል ተያይዘው የተሠሩ ሦስት ትንንሽ ክፍሎች አሉት። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ ነው። ቋሚ እንጨቱ በዚያ ዘመን ከጭልሞ ጫካ የመጣ ጥድ ነው፤ ምስጥ ጥድ እንደማይደፍር ሰዲቅ ያውቅ ነበር። ማገሩ ግን ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ ለምስጥ እንደ ቆሎ ነው።

የሰፊው ክፍል ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ግድግዳውን ተከትሎ ዙሪያውን ከጭቃ የተሠራ መደብ አለው፤ ቀን መቀመጫ፣ ማታ መኝታ። ሰዲቅ ይህን መደብ የሠራው ለቤተሰቡ አልነበረም። የቅዳሜ ገበያ ለመድረስ ከሸነንና ከእጃጂ አርብ የሚመጡ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ቅቤ፣ ማር፣ እህል ይዘው። ጎህ ሳይቀድ ገበያው ላይ ያልተገኘ ጥሩ ቦታ አያገኝምና አንድ ቀን ቀድመው ይመጣሉ። ማደሪያቸው የሰዲቅ መደብ ነበር። እስላም ክርስቲያን አይል፣ ገንዘብ አይቀበል፤ በሩን ብቻ ይከፍታል።

ሰዲቅ በ2008 ሞተ። እናታቸው ቀድማ ሞታ ነበርና ቤቱ ለሦስት ልጆች ቀረ፤ መርካቶ ለሚነግደው ለዩሱፍ፣ እጃጂ ላገባችው ለዙልፋ፣ እና ለመድና። በሸሪዓው መሠረት የወንዱ ድርሻ የሁለቱን ሴቶች ያህል ስለሆነ ግማሹ የዩሱፍ ነው። መድና አምቦ ውስጥ ከባሏ ጋር የኪራይ ቤት ትኖራለች፤ አባቷ ቤት ግን አልገባችም። አንዱ ወራሽ የገባበት ቤት «ወሰደችው» እንደሚያሰኝ ታውቃለቻ። ስለዚህ ተቆለፈ።

የተቆለፈ የጭቃ ቤት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? ይህ ነገር እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቤት ውስጥ እሳት ሲነድ ጢሱ ጣሪያና ግድግዳ ውስጥ እየገባ ምስጡን ያባርራል፤ እርጥበቱንም ያደርቃል። እሳቱ ሲጠፋ ቤቱ ጠባቂ ያጣል። ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ምስጡ ማገሩን ጨረሰ፣ አሸንዳው ተገነጠለ፣ ከጣሪያው የወረደው ውሃ የግድግዳውን ግርጌ በላው።

በ2011 ግንቦት ላይ ዩሱፍ ደወለ።

«ሰው አገኘሁ» አለ። «የሚገዛ።»

«እኛ ሻጭ ነን ያለው ማን ነው?»

«ጣሪያው ነው ያለው። ባለፈው ስመጣ በእሱ በኩል ሰማይ አይቻለሁ።»

«አድሼ አከራየዋለሁ።»

«ለማን?»

«ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች። ለአስተማሪ፣ ለቢሮ ሠራተኛ። ቤት አጥተው የለም እንዴ የሚንከራተቱት!»

«ለእንቁራሪት በይ» አለ ዩሱፍ። ከዚያ ግን፣ እህቱን ስለሚወዳት ይሁን ወይም መደራደር የነጋዴ ልማዱ ስለሆነ፣ እንዲህ አላት። «እሺ፣ እስከ አረፋ። አንድ ተከራይ አሳዪኝ። ዘመድ ያልሆነ፣ ገንዘቡን በእጄ የሚያስይዘኝ። ካጣሽ አገር ቤት ሽማግሎች ፊት እንጨርሳለን።»

ለምን አረፋ? የስልጤ ሰው የትም ይነግድ የት አረፋን የሚያከብረው አገር ቤት ነው። ያን ሰሞን ከመርካቶም፣ ከጅማም፣ ከአምቦም ሰው ወደ መንደሩ ይተማል። ዘመድ ሁሉ አንድ ላይ የሚገኘው ያኔ ብቻ ስለሆነ ዓመት ሙሉ የተንጠለጠለ ነገር፣ እጮኝነትም፣ ፀብም፣ ውርስም፣ «ለአረፋ ይደር» ይባላል። ለአረፋ የተባለ ነገር ደግሞ አረፋን አያልፍም። በሽማግሎች ፊት «ይሸጥ» ከተባለ ቤቱ ተሸጠ ማለት ነው። ችግሩ በዚያ ዓመት አረፋ የሚውለው ነሐሴ መጀመሪያ፣ ክረምቱ መሐል ላይ መሆኑ ነበር።

መድና ስልኩን ከዘጋች በኋላ ሱቋን ለጎረቤት ትታ በቀጥታ ወደ ቤቱ ሄደች። በሦስቱ ክፍሎች ውስጥ ገብታ ወጣች። እንደገና ገባች። ግድግዳውን በጣቷ ስትነካው ውስጡ ባዶ የሆነው ማገር ተሰበረ። ቤቱን ፈርሶ ከማየት ሌላ ሰው አድሶ ሲኖርበት ማየት እንደሚብስባት ያን ቀን ገባት።

ገንዘብ ከየት ይምጣ? ባንክ ወለድ አለው፤ ወለድ ደግሞ አትነካም። ወለድ የሌለውን ብትሞክር የቤቱን ካርታ ጠየቋት፤ ቤቱ ካርታ የለውም። ካርታ ስለሌለውም በብሎኬት ልሥራ ብትል ፈቃድ አይሰጣትም፤ የጭቃውን ቤት በጭቃ ማደስ ነው የተፈቀደላት። የቀራት ዕቁብ ነበር። የገበያው ሴቶች ዕቁብ ውስጥ ናት፤ የሷ ዕጣ ግን ገና አልወጣም። የሰኔው ዕጣ የወጣው ለበርበሬ ነጋዴዋ ለድንቅቱ ነው። በዕቁብ ሕግ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለ፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ከፈለገ ለቸገረው ተራውን ሊለቅለት ይችላል። የሚያስፈልገው የዳኛው መስማትና አንድ ዋስ ብቻ ነው። ጭማሪ የለው፣ ወለድ የለው።

መድና ከበርበሬው ጆንያዎች መሐል ቆማ ለመነቻት።

«ለምንሽ ነው?» አለች ድንቅቱ።

«ለጭቃ።»

«በሰኔ? ጭቃማ አሁን በነፃ ነው፤ ውጪና የፈለግሽውን ያህል ዝቀሽ ግቢ!»

«ድንቄ፣ የምሬን ነው።»

«የምርሽን ከሆነ ቁጭ ብለሽ ለምኚኝ። ሰው እየተንጎራደደ አይለምንም። አንገቴን አመመኝ እኮ አንቺን ስከተል።»

መድና ተቀመጠች። የዙሪያው ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩ። ድንቅቱ ለረጅም ጊዜ፣ እያጣጣመችው፣ አየቻትና «በቃ፣ ውሰጂው» አለች። «አንቺ ከተቀመጥሽ ነገሩ ከባድ ነው።»

በማግሥቱ መድና ጋሽ ብዙነህን ቀጠረች። ብዙነህ የጊንጪ ሰው ነው፤ አናጢም፣ መራጊም፣ ቆርቆሮ መቺም። ሲሠራ ያዜማል፤ ሳይሠራም ያዜማል።

የጭቃ ቤት ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን እንዴት የሚያስደስት ጥበብ አለው! መጀመሪያ አፈሩ ይመረጣል፤ ጥቁሩ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቀዩ ብቻውን ይረግፋል፤ ስለዚህ ይደባለቃሉ። የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፣ ውሃ ይጨመርበታል፣ በእግር ይረገጣል። የተረገጠው ጭቃ ወዲያው ግድግዳ ላይ አይወጣም፤ እንደ ሊጥ ይቦካል። ጭዱ መበስበስ ሲጀምር ጭቃው ይሸታል፣ ይለሰልሳል፣ ሲጎትቱት ይሳባል፤ ያኔ ለምርጊት ደረሰ። የመጀመሪያው ምርጊት ማገሩን ይሸፍናል፤ ሲደርቅ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ይሰነጣጠቃል። ይህን ያየ አላዋቂ ይደነግጣል፤ የሚፈለገው ግን ስንጥቁ ነው። ሁለተኛው ጭቃ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይነክሳል። እሱም ሲደርቅ ልስኑ ይከተላል። ሁሉም ነገር «ሲደርቅ» ነው። በበጋ ፀሐይና ነፋስ ያደርቁታል። በሐምሌ አምቦ ላይ ግን ፀሐይ እንግዳ ናት፤ ብቅ ብላ ሳትቀመጥ ትሄዳለች።

«እትዬ መድና» አለ ብዙነህ፣ «በሐምሌ ጭቃ የሚለጥፍ ዝናብ ብቻ ነው።»

«እሳት እናንድበት።»

ብዙነህ ዜማውን አቋረጠ። ሐሳቡ ገባው፤ እንዲያውም ደስ አለው። «እውነትሽን ነው! የኔ ማድ ቤት ግድግዳ በምን ደረቀ? በምድጃው አይደል? እናንድበታ!»

እንግዲህ ሁለቱም በአንድ ላይ የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ምስጥ የበላውን ማገር ነቅለው በአዲስ ተኩ፣ አሸንዳውን ሰቀሉ፣ ሦስቱን ክፍሎች መረጉ። ከዚያ በየክፍሉ በተቆረጠ በርሜል ውስጥ የባሕር ዛፍ ግንድ አነደዱ። መድና ሱቅ ትውልና በየሰዓቱ እየሮጠች መጥታ እንጨት ትጨምራለች፤ ግድግዳውን በመዳፏ ትነካለች፤ ትሄዳለች፤ መንገድ ላይ ሐሳቧን ቀይራ ትመለሳለች። ከቆርቆሮው ሥር ጢሱ ይትጎለጎላል። ጎረቤታቸው ኦቦ ነጋሳ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ኢንታላ ኮ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ቤቱ ሲበስል ጥሪኝ፤ ዳቦ ይዤ እመጣለሁ።»

ሰፊው ክፍል ብቻ አልተነካም። የመድና ሐሳብ መደቡን አፍርሳ፣ ክፍሉን ለሁለት ከፍላ ማከራየት ነበር። «የዩኒቨርሲቲ ሰው መደብ ላይ አይተኛም» ትል ነበር። ግን ብዙነህ ጭዱንና መሣሪያውን ያስቀመጠው እዚያው መደቡ ላይ ስለሆነ ማፍረሱ ከዛሬ ነገ ሲባል ቆየ።

ግድግዳው ሲነካ ደረቅ ሆነ። ዘላቂ እንዲሆንና ቀለም እንዲይዝ ብላ የዶሮ ሽቦ በሚስማር አስመትታ፣ በላዩ በሲሚንቶ አስለሰነችው። ሮዝ ቀለም ቀባችው። ላይ ላዩን የደረቀው ግድግዳ ውስጡ ገና ሊጥ ነበር፤ እሳቱ ልጡን እንጂ ልቡን አላደረቀውም። ሲሚንቶው ደግሞ መውጫውን ዘጋበት። ሌላም ነገር አለ። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ አይኮማተርም። ስለዚህ ውስጡ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሲሸሽ ልስኑ ባዶ ላይ ቀረ። በጣት አጥንት ቢያንኳኩት እንደ ከበሮ ይጮህ ነበር። ማንም አላንኳኳውም።

የመጀመሪያዋ ተከራይ ወሰንየለሽ ልትሆን ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በላቦራቶሪ የምትሠራ ወጣት። የምትኖርበት ግቢ ጫጫታ አስመርሯት ቤት ትፈልጋለች። ክፍሉን አየች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ «ደስ ይላል» አለች። ከዚያ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆየችና እጇን ገልብጣ አየችው።

«ያልበዋል» አለች።

«ሰውስ አያልበውም?» አለች መድና።

«ሰው ሲያልበው ልብሱን ያወልቃል፣ እትዬ መድና። ይሄ ልብሱን ያወለቀ ዕለት ሥሩ ተኝቼ እንዳልገኝ ነው የምፈራው። ሲደርቅ ይደውሉልኝ፤ እውነቴን ነው፣ እመጣለሁ።»

ከሷ በኋላ የመጡትም እንዲሁ ነክተው ሄዱ። መድና ማታ ማታ እንቅልፍ አጣች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከነቀምቴ መንገድ ደክሞት ሲመለስ እሷ ከአልጋው ዙሪያ ስትመላለስ ያገኛታል። «መኪናዬ እንኳ ማታ ማታ ሞተሩ ይጠፋል» አላት አንድ ቀን።

አረፋ ሳምንት ሲቀረው፣ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ዩሱፍ ከአዲስ አበባ መጣ። ቤቱን አይቶ፣ ደላላው ቅዳሜ ጠዋት እንዲመጣ ቀጥሮ፣ ከዚያ ወደ አገር ቤት ሊቀጥል ነው። መድና እርጥበቱ እንዳይታወቅ ብላ ከጠዋት ጀምሮ በሦስቱም ክፍሎች እሳቱን አፋፍማዋለች። ጢሱ እስከ አስፋልቱ ይታያል።

ዩሱፍ ጫማውን ከጭቃው እየጠበቀ ገባ። የመጀመሪያውን ክፍል ዙሪያ አየ። መቼም ሐቀኛ ሰው ነው፤ «አይ፣ ሠርተሻል» አለ። «አልጠበቅሁም። ቀለሙ ብቻ የልደት ኬክ ይመስላል።» ይህን እያለ ግድግዳውን በጣቱ ኳ አደረገው። ግድግዳው እንደ ከበሮ ድም አለ። ዩሱፍ ገርሞት ደገመው። ከመስኮቱ በላይ አንድ ቀጭን መስመር ታየ፤ መስመሩ ሰፋ፤ ከዚያ የግድግዳው ግማሽ ልስን ከነሮዝ ቀለሙ፣ ከነዶሮ ሽቦው፣ እንደ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እግሩ ሥር ወደቀ። ከኋላው እርጥብ፣ ጥቁር፣ ጭዱ የሚሸት ጭቃ ቆሞ ቀረ።

ብዙነህ ባርኔጣውን አወለቀ።

«በቃ» አለ ዩሱፍ፣ ጫማውን እያራገፈ። «ግድግዳው ራሱ ሽጡኝ አለ። ተከራይ አለሽ?»

«ሲደርቅ የምትመጣ አለች።»

«በእጄ የሚያስይዝ ነው ያልኩሽ።»

«የለም።»

«እንግዲያው ነገ ደላላው ይመጣል።»

መድና ጓሮ ወጣች፤ ተመለሰች፤ የወደቀውን ልስን አንሥታ ወደ ግድግዳው ልትመልሰው የፈለገች ያህል ያዘችውና መልሳ ጣለችው። ከጓሮ እስከ በር፣ ከበር እስከ ጓሮ ሄደች። ዩሱፍ ሰፊው ክፍል መደብ ላይ ጭዱን ገፋ አድርጎ ተቀመጠና በዓይኑ ይከተላት ጀመር። አመሻሽ ላይ ዝናቡ ወረደ።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ።

«ሰዲቅ ቤት ጢስ አየን!» አለ አንድ ወፍራም የሴት ድምፅ። ፕላስቲክ የተከናነቡ ሴቶች አንዷ ሌላዋን እየገፋች ገቡ። የፊተኛዋ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ታቅፋለች። አዴ ጉዴ ናት፤ የሸነኗ ቅቤ ነጋዴ። ሰዲቅ በነበረበት ዘመን አርብ አርብ የማትቀር። «አካም ጂርቱ፣ እንዴት ናችሁ! ተከፈተ ማለት ነው? ከአስፋልቱ ሆኜ ጢሱን ሳየው፣ ያ ቤት ነፍስ ዘራ አልኳቸው!»

ማንንም ሳትጠይቅ ቅቤዋን መደቡ ጥግ፣ ድሮ በምታስቀምጥበት ቦታ አስቀመጠችና ዩሱፍን ትኩር ብላ አየችው።

«ዩሱፌ? አንተ ነህ? እዚች መደብ ላይ ከቅቤዬ ሥር ተኝተህ፣ ቅቤው ቀልጦ ፀጉርህ ላይ ፈስሶ፣ አባትህ ‹ልጄን ገበያ ልታወጡት ነው እንዴ የቀባችሁት› ያለኝ!»

ሴቶቹ ሣቁ። ዩሱፍ ሳያስበው ፀጉሩን ነካ።

ጉዴ ግን ፊቷን ወዲያው አጠበቀች። «በሉ አሁን፣ ወደ ቁም ነገሩ። ለአንድ አርብ ስንት ትቀበላላችሁ?»

አስቡት እንግዲህ። መድና ከሰኔ ጀምሮ አንድ የሚከፍል ሰው ስትፈልግ እግሯ ቀጥኗል። አሁን የሚከፍል ሰው ራሱ ገብቶ ዋጋ ጠየቃት። ከአፏ የወጣው ግን ይህ ነው፦

«ኧረ አዴ ጉዴ! ምን ማለትዎ ነው? ቤትዎ አይደል እንዴ?»

ተናግራ ሳትጨርስ ምላሷን ነከሰች። ነገር ግን ልትመልሰው አልቻለችም። በዚያ ቤት ያደገ ሰው ለእንግዳ ዋጋ መጥራት አልተማረም፤ አባታቸው ይህን ከነውር ሁሉ የከፋ ነውር አድርጎ ነው ያሳደጋቸው። ወደ ወንድሟ ዞረች። መርካቶ ውስጥ በአንድ ትንፋሽ መቶ ዋጋ የሚጠራው ዩሱፍ ጣሪያውን ይመለከታል።

«ይኸው!» አለች ጉዴ። «አባታችሁም እንዲሁ ነበር፤ ነፍሱን ይማር። በነፃ አሳደረን። ሲሞት ተዘጋ። ይሄን ሁሉ ዓመት ቡና ቤት አልጋ ላይ፣ ሰካራም በሩን እየደበደበብን አደርን። እሱ ቢያስከፍለን ኖሮ ቤቱ ይዘጋ ነበር? ነፃ ቤት ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ዋጋ ጥሩ፤ ካልጠራችሁ እንሄዳለን።» ቅቤዋንም አነሣች። ሌሎቹም ፕላስቲካቸውን መልሰው ተከናነቡ።

«አስር ብር» አለች መድና፣ መሬት መሬት እያየች።

«አስር?!»

የጮኸው ዩሱፍ ነው። ከመደቡ ተነሥቶ ቆሟል። «አስር ብር? በአስር ብር ሳሙና እንኳ አይገዛም! መብራት አለ፣ ውሃ አለ፣ ሰካራም የለም፣ በር የሚደበድብ የለም…»

«ጣሪያው ያፈስሳል» አለች ጉዴ። ዓይኗ በራ፤ ገበያ ገባች።

«ይታደሳል!»

«መቼ?»

«ከአረፋ በኋላ። ሃምሳ ብር!»

«ሃምሳ? ሰዎች ስሙልኝ፣ ሃምሳ ይላል! ግድግዳው እኮ ስገባ አየሁት፣ ራቁቱን ነው። ሃያ።»

«ይለብሳላ! አርባ። ከዚህ በታች ከሆነ እዚያው ቡና ቤታችሁ።»

«ሠላሳ፤ ደግሞ ፍራሽ ታነጥፋላችሁ።»

«ሠላሳ» አለ ዩሱፍ፣ እጇንም መታ። ጉዴ ከመቀነቷ ቋጠሮ ገንዘብ ፈትታ፣ ለራሷና ለጓደኞቿ፣ ክረምቱ እስኪወጣ ላሉት አርቦች በሙሉ ቆጥራ መዳፉ ላይ አደረገችለት።

ዩሱፍ መዳፉን አየ። ከዚያ እህቱን።

«ዘመድ ያልሆነ» አለች መድና ቀስ ብላ። «በእጅህ የሚያስይዝህ። ያልከው ይሄንን ነው።»

«ዘመድ ያልሆነ ማን ነው?» አለች ጉዴ ተቆጥታ። «እኔ ነኝ ለዚህ ልጅ ዘመድ ያልሆንኩት? ቅቤ የቀባሁት…»

«አዴ ጉዴ፣ አፈር ልሁንልዎ፣ ዛሬ ብቻ ዘመድ አይሁኑ!»

ቤቱ በሣቅ ተናወጠ፤ ብዙነህ ከሌላው ክፍል «እባካችሁ ቀስ በሉ፣ የቀረው ልስን ይወድቃል!» እያለ ጮኸ። ዩሱፍ ብቻ አልሣቀም። «ወላሂ መርካቶ ውስጥ እንዲህ ያታለለኝ የለም» አለ፤ ማን እንዳታለለው ግን አልተናገረም፤ ያታለለው አፉ ነበርና። ወደ በረንዳው ወጥቶ ደወለ። ድምፁ ከዝናቡ ጋር ይሰማ ነበር። «ነገ አትምጣ… አይ፣ አልተሸጠም… ተከራይ አለበት።»

አረፋ ላይ፣ አገር ቤት፣ ሽማግሎቹ የሰዲቅን ልጆች ጉዳይ ሲያነሡ ዩሱፍ «ግማሹ የኔ ነው፤ የኔን ግማሽ እስከሚቀጥለው አረፋ አልሸጥም» አለ። ዙልፋ «እነሱ የተስማሙበት ይሁን» አለች። ሽማግሎቹ መረቁ። መድና ግን ከምርቃቱ ውስጥ የሰማችው «እስከ» የሚለውን ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ቀርፋፋ ነው። የቀረውን ሲሚንቶ ከነሽቦው አራገፉት። ግድግዳው ራቁቱን ቆሞ፣ መጀመሪያ በዝናቡ አዘነ፣ በመስከረም ነፋስ መድረቅ ጀመረ፣ በጥቅምት ፀሐይ ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጠቀ። ብዙነህ ስንጥቁን ሲያይ እንደ ሠርግ ዘፈነ። ሁለተኛው ጭቃ ነከሰ፤ ልስኑ በጭቃው ላይ በጭቃ ተለሰነ፣ በኖራ ተቀባ። ታኅሣሥ ላይ መድና ደወለች፤ ወሰንየለሽም እንዳለችው መጣች፣ ግድግዳውን በመዳፏ ነካች፣ እጇን ገልብጣ አየችና ቁልፉን ተቀበለች። የሰፊው ክፍል መደብ ግን እስካሁን እዚያው አለ፤ ፍራሽ ተነጥፎበታል።

መድና አሁንስ ዐረፈች ብትሉኝ አላረፈችም። ኮሮና መጥቶ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ የጓሮው ክፍሎች ባዶ ሆኑ፤ እንደገና ሞሉ። መንገድ የተዘጋ አርብ የሸነን ሴቶች አይመጡም፤ ያን ዕለት ከሱቋ እስከ ቤቱ፣ ከቤቱ እስከ አስፋልቱ ትመላለሳለች። ዩሱፍም በየዓመቱ «እስከሚቀጥለው አረፋ» ይላል እንጂ አንድም ጊዜ «በቃ፣ አይሸጥም» ብሎ አያውቅም። ቤቱ ከአረፋ እስከ አረፋ ነው የሚኖረው። አንድ ነገር ግን ተለውጧል። አረፋ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ቀን ቀድሞ ስለሚመጣ፣ አሁን ክረምቱን ጥሎ ግንቦት ውስጥ ገብቷል። ዩሱፍ ከበዓሉ በፊት ለማየት ሲመጣ የሚያገኘው ደረቅ ግድግዳ ነው።

ሲመጣ የሚያደርገው ሁልጊዜ አንድ ነው። ከክፍል ክፍል እየዞረ ግድግዳውን በጣቱ አጥንት ያንኳኳል፤ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል፤ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። መድና የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ከኋላው ከኋላው ትከተላለች።

«ቁጭ በይ እንጂ» ይላታል።

«አንተ አንኳኩተህ ስትጨርስ» ትለዋለች።

ዘንድሮ የመጨረሻው ክፍል ጥግ ላይ ሲደርስ ቆመና አንዱን ቦታ ደግሞ ደጋግሞ አንኳኳ። መድና ሻይዋን መዋጥ ተወች።

«ምን ሆነ?»

«ምንም» አለ ዩሱፍ። «ድምፁ ደስ ብሎኝ ነው።»